ገርበብ ያለው በር፦ በጎንደር የአንድ ክሊኒካል ሱፐርቪዥን የጉዳይ ጥናት

ስለዚህ ጽሑፍ

ይህ በጎንደር ከተማ በአንድ የጤና ተቋም ውስጥ የሆነ ጉዳይ ነው። ባለጉዳዩ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እኔ ሱፐርቫይዘሩ ነበርኩ። የሰውም የተቋምም ስም አልጠቀስኩም፤ ሰውየውን የሚያሳውቁ አንዳንድ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ረቂቁን መጀመሪያ የሰጠሁት ለራሱ ነው። አንብቦ፣ ሁለት አንቀጽ በእስክሪብቶ ሰርዞ መለሰልኝ። የሰረዛቸው እዚህ የሉም።

ከጉዳዩ በፊት የነበረው

እኛ ሀገር ጤና ተቋም ውስጥ "ሱፐርቪዥን" ሲባል ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። "ነገ ሱፐርቪዥን አለ" ከተባለ መዝገብ ይስተካከላል፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሰንጠረዥ ይታደሳል፣ ጋወን ይታጠባል። ከዞን ወይም ከክልል የመጡ ሰዎች ቼክሊስት ይዘው ይዞራሉ። ግብረ መልስ ጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ይሄዳሉ። ጎንደር ደግሞ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። ተማሪ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ሲወጣ ከኋላው የሚያይ ሰው አለ። ስለዚህ ቃሉ እዚህ ከተማ ውስጥ የራሱ ሽታ አለው፤ የፈተና ሽታ።

ክሊኒካል ሱፐርቪዥን ሌላ ነው። የምክር ወይም የሕክምና ሥራ የሚሠራ ሰው በየጊዜው ልምድ ካለው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ስለያዛቸው ታካሚዎች ይነጋገራል። ሥራው በሥርዓቱ መሠራቱ ይታያል። ባለሙያው ይማርበታል። ከሰው የተቀበለውን ሸክምም ትንሽ ያራግፍበታል። ሦስቱ አብረው ካልሄዱ ነገሩ ወደ ቼክሊስት ይመለሳል። እኛ ጋ የነበረው የመጀመሪያው ብቻ ነበር። ያንንም "ክሊኒካል ሱፐርቪዥን" ብለን በሪፖርት እናስገባው ነበር።

ባለሙያው ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ አለው። ያደገው ከከተማው ወደ ሰሜን በሚገኝ ገጠር ነው። በጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ ዘመዶቹ እዚያው ነበሩ። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። እፎይ ሳንል ደግሞ ከዚያው ዓመት ክረምት ወዲህ በክልላችን ሌላ ግጭት መጣ። እሱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራ ላይ ነበር። የሚያያቸው ሰዎች ተፈናቃዮች፣ የተደፈሩ ሴቶች፣ ልጅ የቀበሩ እናቶች፣ እንቅልፍ ያጡ የቀድሞ ታጋዮች ናቸው። በአንድ ቀን ስምንትና ዘጠኝ ሰው ያይ ነበር። ይህን የወሰነው ማን ነው ብትሉኝ፣ ማንም አልወሰነውም። ሰልፉ ነው የወሰነው።

ያየሁት ችግር

መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ካርዱ ነው። ይህ ሰው ጥሩ ጸሐፊ ነበር። ታካሚው ምን እንዳለ፣ በምን ቃል እንዳለ፣ እሱ ምን እንዳሰበ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ግማሽ ገጽ ይሞላ ነበር። ከግንቦት ጀምሮ ጽሑፉ አጠረ። ሐምሌ ላይ ያየኋቸው አሥር ካርዶች ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ "ለውጥ የለም። ይቀጥል።" አንዱ ላይ "ይቀጥል" እንኳ የለም።

ሁለተኛው፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ለመድኃኒት ወደ ሐኪም መላክ አበዛ። ሐኪሙ "ምነው፣ ምክሩ ቀረ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ሦስተኛው በሩ ነው። በሩን ከፍቶ ነበር የሚሠራው። ክፍሉ ያለው መተላለፊያ ላይ ነው፤ አጠገቡ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አግዳሚ አለ። ስንት ጊዜ አሳሰብኩት። አንድ ጊዜ "ለምን አትዘጋውም?" ስለው "ክፍሉ ይሞቃል ጋሼ" አለኝ።

ይህን ያለኝ ነሐሴ ላይ ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። እኔ ከጋወኑ በላይ ጃኬት ደርቤ ቆሜያለሁ። የጎንደር ነሐሴ ማንንም አያሞቅም። ሰምና ወርቅ ባሳደገን አገር እየኖርን፣ ሰሙን ሰምቼ ሄድኩ።

በሱፐርቪዥን ማስታወሻዬ ላይ "ቸልተኝነት ይታያል" ብዬ ጻፍኩ። የስድስት ወሩን የሥራ አፈጻጸም ምዘና የምሞላውም እኔው ነበርኩ። እሱም ያውቃል።

የማክሰኞው ነገር

በዚያው ነሐሴ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከመጠለያ ጣቢያ የመጣች አንዲት እናት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣለች። ሦስተኛ ቀጠሮዋ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሴት ልጇ መናገር ጀምራለች። በዚህ መሃል ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ በመተላለፊያው አለፈ። ማለፉ ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥም አላየም። ሴትየዋ ቃሏን ሳትጨርስ ቆመች። ነጠላዋን አጣፋች። "ልጅ ለጎረቤት ትቼ ነው የመጣሁት" ብላ ወጣች። አልተመለሰችም። የሰጠችን ስልክ ዝግ ነው። በመጠለያው በኩል ብንጠይቅም ወደ ዘመድ ሄዳለች ተባለ።

ባለሙያውን ቢሮ ጠራሁት። ሳይቀመጥ "ምን ሆነሃል አንተ?" አልኩት።

ትራውማን፣ ማለትም ከደረሰ ከባድ ነገር የቀረ የአእምሮ ቁስልን፣ ስላገናዘበ አሠራር ሥልጠና የወሰደ ሰው አንድ አባባል ይዞ ይወጣል፦ "ምን ጎደለህ?" ሳይሆን "ምን ደረሰብህ?" በል ይባላል። በአማርኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ነው የምንለው። "ምን ሆነሃል?" የሐኪምም ጥያቄ ነው፣ የተቆጣ አባትም ነው። ልዩነቱ ድምፁ ላይ ነው። የእኔ ድምፅ የትኛው እንደነበር እሱ ቆይቶ ነገረኝ። "ልጅ እያለሁ ከብት ሲጠፋብኝ እንዲህ ነበር የምጠየቀው" አለኝ።

በዚያ ቀን ምንም አልመለሰም። "ይቅርታ፣ አይደገምም" አለና ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት በሩን ዘግቶ ሠራ። በሦስተኛው ቀን የሕመም ፈቃድ ጠየቀ።

ነገሩን የገለጠችልኝ አንዲት ሲስተር ናት። ሻይ ስንጠጣ እንደ ዘበት፣ "እሱ እኮ ሽንት ቤትም በር አይዘጋም፤ እኛ ነን ውጭ ቆመን የምንጠብቀው" አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ምን አደረግን

መጀመሪያ ያደረግኩት ለራሴ ሱፐርቫይዘር መፈለግ ነው። ከዚህ በፊት አልነበረኝም። እዚሁ ከተማ ያለች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በየሁለት ሳምንቱ ልታዳምጠኝ ተስማማች። በመጀመሪያው ቀን ጉዳዩን በአሥር ደቂቃ አውርቼ "እሺ፣ ምን ላድርግ?" አልኳት። "እሱም ታካሚዎቹን በአሥር ደቂቃ ነው አይደል የሚሸኘው?" አለችኝ።

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሃሮልድ ሰርልስ ይህን በ1955 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። በታካሚና በሐኪም መካከል ያለው ነገር በሐኪምና በሱፐርቫይዘሩ መካከል ራሱን ይደግማል። ትይዩ ሂደት ይባላል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። እሱ ከታካሚዎቹ ታሪክ ይሸሻል፤ እኔ ከእሱ እሸሻለሁ። ምክንያቴም ሩቅ አልነበረም። ተኩስ የተሰማባቸውን ሌሊቶች እኔም እዚችው ከተማ ውስጥ ነው ያሳለፍኳቸው። ቀርቤ ብጠይቀው የሚነግረኝን መስማት አልፈለግኩም።

ቀጥሎ ምዘናውን ከእጄ አወጣሁ። ይህ ቀላል ይመስላል። ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። ኃላፊው "ደብዳቤ ጻፍ" አለ፣ የሰው ኃይል "በምን መመሪያ?" አለ። በመጨረሻ የክፍሉ አስተባባሪ ይሙላው ተባለ። ከዚህ ሁሉ ሥራ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ዕድገትህንና ደመወዝህን በሚወስን ሰው ፊት "አቅቶኛል" ማለት ጀግንነት ሳይሆን የዋህነት ነው።

ከዚያ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፍን። ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት። ቦታው የእኔ ቢሮ ሳይሆን የሥልጠና ክፍሉ፤ እሱ በሩ የሚታየው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ማስታወሻ የምይዘው ስለ ታካሚዎቹ ብቻ ነው፤ ስለ እሱ አይጻፍም። ምስጢር የማልጠብቅባቸው ሁለት ነገሮችም ተጻፉ፦ ታካሚ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ነገር ካየሁ፣ ወይም እሱ በራሱ ሕይወት ላይ አደጋ ውስጥ ከሆነ። እነዚህን ሳነብለት ራሱን ነቀነቀ። "አሁን ነው ያመንኩት፤ ሁሉንም እጠብቃለሁ ቢሉኝ አላምንም ነበር" አለ።

በአሜሪካ የሱስና የአእምሮ ጤና አገልግሎቶች አስተዳደር ስለዚሁ ትራውማን ስላገናዘበ አሠራር በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሰነድ ስድስት መርሆች አሉት። ደኅንነት፣ ታማኝነትና ግልጽነት፣ የእኩዮች ድጋፍ፣ አብሮ መሥራት፣ ድምፅና ምርጫ መስጠት፣ ባህልን፣ ታሪክንና ጾታን ማገናዘብ። በሥልጠና ስላይድ ላይ ስናያቸው ጸባይ ይመስሉናል፤ ደግ ሁን፣ ለስላሳ ሁን የሚሉ። እኔ የገባኝ በሥራ ላይ ነው። ግልጽነት ማለት ማን የትኛውን ፎርም እንደሚፈርም ማወቅ ነው። ደኅንነት ማለት ሰዓቱ 9 ሲሆን ማብቃቱ ነው።

ስለ በሩ ደግሞ በግልጽ መነጋገር ነበረብን። ሱፐርቫይዘር ለባለሙያው ብቻ አይደለም የቆመው። ያቺ እናት አለች። ስለዚህ "በሩ እንደዚያ ተከፍቶ መቀጠል አይችልም። እንዴት እንደምናስተካክለው ግን አንተ ምረጥ" አልኩት። ለምን እንደሚከፍተው አልጠየቅኩትም። እሱ ሦስት ነገር አለ። ጠረጴዛውን አዞረው፤ እሱም ታካሚውም በሩንና መስኮቱን ማየት ቻሉ። አግዳሚው ከመተላለፊያው ተነስቶ ወደ ካርድ ክፍሉ በኩል ሄደ። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ። በሩም በድንጋይ ተይዞ ገርበብ ይላል። እያንዳንዱ ታካሚ ደግሞ መጀመሪያ ይጠየቃል፦ "በሩ ይዘጋ ወይስ ገርበብ ይበል?" ያልጠበቅነው ነገር፣ ብዙዎቹ ሴቶች "ገርበብ ይበል" ነው ያሉት። ከማያውቁት ወንድ ጋር ዝግ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ለእነሱም ከብዷቸው ኖሯል። ጠይቀናቸው አናውቅም ነበር።

ታሪክ የምንሰማበትንም መንገድ ቀየርን። ድሮ "ኬዙን ከመጀመሪያው ንገረኝ" እል ነበር። አሁን ከመጀመሩ በፊት "ዛሬ ከባድ አለ" ወይም "ቀለል ያለ ነው" ይላል። ከባድ ከሆነ የሚናገረው ለውሳኔው የሚያስፈልገውን ያህል ነው። የተደረገባትን እያንዳንዱን ነገር መስማት አያስፈልገኝም። ማወቅ ያለብኝ አሁን ደኅና ቦታ ስለመሆኗ፣ ሕክምና ስለማግኘቷ፣ እንቅልፏና ልጆቿ እንዴት እንደሆኑ፣ እሱ የት ላይ እንደተቸገረ ነው። ማካንና ፐርልማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. የሌላውን ሰው ቁስል ደጋግሞ መስማት የሰሚውን ዓለምን የማየት ሁኔታ እንደሚለውጥ ጽፈዋል። ሱፐርቫይዘርም ሰሚ ነው።

የቀኑ ሰልፍም ታየ። ከባድ ታሪክ ያላቸው ሰዎች በቀን ከሦስት እንዳይበልጡና በተከታታይ እንዳይሆኑ ከካርድ ክፍሏ ልጅ ጋር ተነጋገርን። አንዳንድ ቀን ይፈርሳል። ሰው ከሩቅ በእግሩ መጥቶ "ነገ ተመለሱ" አይባልም።

የራሱን ነገር በተመለከተ፣ እኔ ሐኪሙ አይደለሁም። ይህንንም ነገርኩት። "የሚያክምህ ሰው ብትፈልግ አብሬህ እፈልጋለሁ፤ ባትፈልግም ማክሰኞ እንዳለ ነው" አልኩት። ችግሩ፣ ጎንደር ውስጥ ሊያክሙት የሚችሉት ሰዎች አንድም አስተማሪዎቹ ናቸው፣ አንድም አብረውት የተማሩ ናቸው። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ አገኘን። የሞባይል ዳታ በተዘጋበት ወቅት ስለነበር በተራ ስልክ ነው የጀመሩት። የስልክ ካርድ ይሞላል፣ ጓሮ ያለች ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ያወራል። ጠዋት ጠዋት ጠበል እንደሚሄድም ነገረኝ። ሲነግረኝ ፊቴን እያየ ነበር። "ከስልኩ ቀጠሮ ጋር እንዳይጋጭብህ" ብቻ አልኩት።

ያልሠራው

የመጀመሪያው ስህተት የእኔ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። ነገሩ በጀመረ ሰሞን ክፍላችንን በሙሉ ሰብስቤ "ሁላችንም የደረሰብንን እናውጣው" አልኩ። ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ሁለተኛዋ ተናጋሪ መሃል ላይ አለቀሰች። አንዱ ስልክ እንደተደወለለት አስመስሎ ወጣ። እሱ እስከ መጨረሻው ዝም አለ፤ በማግስቱ አልመጣም። እንዲህ ያለው የአንድ ጊዜ የማስተንፈስ ስብሰባ እንደማይመከር፣ ሊጎዳም እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ከጻፈ ቆይቷል። አንብቤው ነበር። ግን ስትደነግጥ የምታደርገው ያነበብከውን አይደለም።

30 ጥያቄ ያለውን የሙያ ሕይወት ጥራት መጠይቅም አስሞላሁ። የሁሉም ውጤት ያማረ ሆነ። ሲስተሯ "ለሰው ኃይል የሚሄድ መስሎን እኮ ነው" አለችኝ።

ቡናም ሞከርን። ሱፐርቪዥኑን ከቡና ጋር እናድርገው፣ ይለሰልሳል ተባለ። አቦል ላይ ሁለት ነበርን። ቶና ላይ ስድስት ሆንን። ቡና ሰው ይጠራል፤ ምስጢር አይጠብቅም። በሻይ ቀየርነው።

"እርስዎ" የሚለውን ለማስቀረትም ሞክሬያለሁ። እኔ አንተ እያልኩት እሱ እርስዎ ሲለኝ እኩል አንሆንም ብዬ "አንተ በለኝ" አልኩት። ሁለት ሳምንት ታገለ። ከዚያ "ጋሼ፣ አፌ አይታዘዝልኝም፤ ይልቅ እንደዚህ ያለ ቃል እየመረጥኩ ኬዙ ይጠፋብኛል" አለ። ተውነው። ሌላ ሰው ደግሞ ጎርጎራ ወርደን ዓሣ በልተን እንምጣ የሚል ሐሳብ አመጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ መንገዱ ግን አልፈቀደም።

ሌላ ቦታ ሊሠራ የሚችለው

እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የሚያየው የሥልጠና ሰነዱን ሳይሆን ምዘናውን ማን እንደሚፈርም ይሁን። ሱፐርቫይዘሩና መዛኙ አንድ ሰው ከሆኑ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። መለየት ካልተቻለ ደግሞ ቢያንስ በግልጽ ይነገር።

የባለሙያ ሥራ ሲበላሽ ስንፍና ከማለት በፊት መቼ እንደጀመረና ምን እንደተለወጠ መጠየቅ ይጠቅማል። ያጠረ ካርድ፣ የበዛ ሪፈር፣ የተከፈተ በር። ለየብቻ ሲታዩ የዲሲፕሊን ጉዳይ ናቸው። አብረው ሲመጡ ሌላ ናቸው።

ታሪኩን ማወቅ ግዴታ አይደለም። እኔ እስከ ዛሬ ይህ ሰው ዝግ ክፍል ውስጥ ምን እንደደረሰበት አላውቅም። ምናልባት ከተሰረዙት ሁለት አንቀጾች መካከል እኔ በግምት የጻፍኩት ነበር፤ ልክ ይሁን ስህተት አልነገረኝም። ጠረጴዛ ለማዞር፣ መጋረጃ ለመስቀልና ሰልፍ ለማስተካከል ግን ታሪኩ አላስፈለገንም።

ሱፐርቫይዘርም ሱፐርቫይዘር ይፈልጋል። በተለይ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጦርነት ውስጥ አብረው የኖሩ ከሆነ።

አሁን

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት አልፏል። ካርዶቹ እንደ ድሮው ባይሆኑም ሩብ ገጽ ይሞላሉ። ባለፈው ወር ሁለት ማክሰኞ አልመጣም፤ በሦስተኛው መጥቶ ለምን እንደቀረ ሳልጠይቀው ነገረኝ። በሩን አንዳንድ ቀን ይዘጋዋል፣ አንዳንድ ቀን ድንጋይዋን ያስጠጋል። እኔ አስተያየት አልሰጥም።

የዚያች እናት ካርድ ካርድ ክፍል አለ። ሊጣል የነበረውን እሱ አስቀርቶታል። በመጨረሻው መስመር ላይ፣ ያኔ በለመደው አጭር ጽሑፍ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ቀን ተጽፏል፤ የነሐሴ መጨረሻ ማክሰኞ ነበር። ከሥሩ በሌላ ቀለም የስልክ ቁጥር ጨምሮበታል። የመጠለያው አስተባባሪ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ይደውላል።